የትርፍነሽ ሐሙስ

ትርፍነሽ ሐሙስን መጥላት የጀመረችው ባለፈው መስከረም ነው። ከዚያ በፊት ሐሙስ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ከምትኖርበት ከለዛቫንሼ ሰፈር በአውቶቡስ የጄኔቭ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ትደርሳለች፣ ከዚያ በባቡር ወደ ቨርሷ ከተማ፣ ከጣቢያው ደግሞ በእግሯ ቁልቁል ወደ ሐይቁ፣ እስከ ማዳም ሂልካ ቤት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ ስትመላለስ እግሯ ከብዷት አያውቅም።

ማዳም ሂልካ የሰማንያ አንድ ዓመት ፊንላንዳዊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሥራቸው የእንግሊዝኛ ልቦለድ ወደ ፊንላንድኛ መተርጎም ነው። ትርፍነሽ ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቭ የመጣችው አንድ ዲፕሎማት ቤት ልትሠራ ነበር፤ ዲፕሎማቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማዳም ሂልካ ወሰዷት። የተቀጠረችው ልታጸዳ፣ ልትተኩስና ምሳ ልታበስል ነው። የምትኮራበት ሥራ ግን ይህ አይደለም። የምትኮራበት ሥራ ገመዱ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳም ሂልካ አስቸጋሪ ቃል ሲገጥማቸው፣ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ይገለብጣሉ። ድሮ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ይበትኑት ነበርና ትርፍነሽን አቧራ አላስጠርግ አላት። አንድ ቀን ብልጭ አለባትና በሥራ ክፍሉ ከግድግዳ ግድግዳ የልብስ ገመድ ወጥራ፣ ወረቀቶቹን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለቻቸው። ማዳም ከምሳ ተመልሰው ሲያዩት ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና ገመዱን ቀና ብለው እያዩ ቆዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ገመድ ሠርተው አያውቁም። ወረቀቱን ለማዳም በፊንላንድኛ የምትቆጥረውም የምትሰቅለውም ትርፍነሽ ናት፤ ስለዚህ ከፊንላንድኛ ሁሉ አሳምራ የምታውቀው ቁጥር ነው።

የዘንድሮው መጽሐፍ የሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነው፤ አንዷ ትታመማለች፣ ሌላዋ ታስታምማታለች። «ኬር» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ስልሳ አንድ ጊዜ ትመላለስበታለች። አንዱ ቦታ ማስታመም ነች፣ ሌላው ቦታ ጭንቀት፣ ሌላው ቦታ ጥንቃቄ፣ ሌላው ቦታ መውደድ። እንግሊዞቹ በአንዷ ቃል ይገላገላሉ፤ ማዳም ሂልካ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ የፊንላንድኛ ቃል መፈለግ አለባቸው። ማስታመም የሆነው አረንጓዴ መቆንጠጫ ተደረገለት፣ ጭንቀቱ ሰማያዊ፣ ጥንቃቄው ቢጫ፣ መውደዱ ቀይ። ቃሉ ቁርጥ ሲል ባለቀለሙ ይወርድና ነጭ መቆንጠጫ ይገባል። ነጩን የምታስገባው ትርፍነሽ ብቻ ነበረች።

«እናንተስ እንዲህ ላለው ነገር ምን ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቋታል ማዳም በፈረንሳይኛ። ትርፍነሽ መተኮሻውን ታቆምና ታስባለች። «እዚህ ጋ እኛ ‹ማን ግድ አለው› ነው የምንለው፣ ማዳም። ሰውየው የናቀ መስሎ ነው፤ ውስጡ ግን ተጎድቷል» ትላለች። ማዳም አማርኛውን ምን ያደርጉታል፤ የሚፈልጉት የእሷን ፊት ነው። ፊቷን አይተው ይጽፋሉ።

ይህን ሁሉ ያበላሸው የገዛ አፏ ነው። በነሐሴ የአጎቷ ልጅ ያሬድ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ዙሪክ ሄዳ፣ በድግሱ መሐል ስለ ማዳምና ስለ ገመዱ ስታወራ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሰማት። ሞቅ አላትና «አሁንማ ዓይናቸው ደክሟል፤ በፊንላንድኛ የሚያነብላቸው ሰው ቢገኝ» ብላ ጨመረች። ማን ምን አስጨመራት?

«እኔ አነብላቸዋለሁ» አለች ከጥግ አንዲት ልጅ። ሲፈን ትባላለች፤ ፊንላንድ አድጋ፣ ዙሪክ ውስጥ በሽተኞችን ቤት ለቤት የምትረዳ ነርስ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ሥራ የላትም። ትርፍነሽም ደስ ብሏት ስልኳን ተቀበለች፤ ይህን ስታስታውስ እስከ ዛሬ ጣቷን መንከስ ያምራታል።

ሲፈን ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ በቀለላት። ትርፍነሽን «እትዬ» ትላታለች፣ በእርስዎ ታናግራታለች፣ ሳህኗን አጥባ ትሄዳለች። አማርኛዋ ግን አልፎ አልፎ ይሰበራል፤ መሐሉ ላይ ጀርመንኛ ጣል ታደርግበታለች። ፊንላንድኛዋ ነው እንደ ውኃ የሚፈሰው። ማዳም ሂልካ ከእሷ ጋር ሲያወሩ ድምፃቸው ራሱ ይለወጣል፤ ይስቃሉ፣ ጠረጴዛ ይመታሉ። ትርፍነሽ በዚያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ እንዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። ቀናች። እርር ድብን እስክትል ቀናች። ሐሙስ በመጣ ቁጥር መተኮሻውን ከሚያስፈልገው በላይ ታግለዋለች፣ ድስት ታንኳኳለች፤ የሚሰማት የለም።

በኅዳር አንድ ሐሙስ ግን ነገሩ ከልክ አለፈ። ገመዱ ላይ አንዲት ወረቀት ለስድስት ሳምንት ቁርጥ ሳትል ተንጠልጥላ ነበር። በሽተኛዋ እህት መሞቻዋ ሲደርስ አስታማሚዋን «አንድም ቀን ግድ ብሎሽ አያውቅም» የምትልባት ናት። ትርፍነሽ «ቀይ ነው፣ ማዳም። አስታምማታለች እኮ፤ አልወደድሽኝም ማለቷ ነው» ብላ ተሟግታ ቀዩን አስደርጋለች። የዚያን ዕለት ሲፈን ወረቀቷን አነበበችና በፊንላንድኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ማዳም አጨበጨቡ። ከዚያ ከመቆንጠጫው ቆርቆሮ አንድ ነጭ አወጡና ለሲፈን ሰጧት። ልጅቷም ተንጠራርታ ቀዩን አውርዳ ነጩን ሰካች።

ትርፍነሽ በሩ ላይ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። ወጥ ቤት ገብታ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

በቀጣዩ ረቡዕ ማዳም ጸጉራቸውን ሊሠሩ ሲወጡ ስልኩን አነሣች።

«ሲፈን፣ ነገ አትምጪ። ማዳም አሟቸዋል።»

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«እንጃ፤ ደከም ብሏቸው ተኝተዋል።»

«ውይ። እሺ፣ እትዬ።»

ትርፍነሽ ስልኩን ዘግታ ተነፈሰች። ሒሳቧ ግልጽ ነበር፤ ፈረንጅ አገር ያደገች ልጅ አትምጪ ከተባለች አትመጣም። ልጅቷ ሐበሻ አገር ያደገች ብትሆን ትርፍነሽ እንዲህ ያለ ውሸት አትዋሽም ነበር፤ ሰው ታሟል ተብሎ ማን ቤቱ ይቀመጣል?

ሐሙስ ጠዋት ማዳም ሂልካ ሊፕስቲካቸውን ተቀብተው ጠበቁ። «ሲፈን ደውላ ነበር፤ አይመቸኝም አለች» አለቻቸው ትርፍነሽ፣ ዓይናቸውን ሳታይ። ማዳም «እንዲያ ነው?» ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱና የጣቢያውን መንገድ እያዩ ቆሙ። የትርፍነሽ ቅናት ጭራሽ ባሰ። እኔስ ብቀር እንዲህ መስኮት ላይ ይቆሙልኝ ይሆን ስትል አሰበች። ቀርታ አታውቅምና መልሱን አታውቀውም።

አምስት ሰዓት ላይ የበሩ ደወል ተደወለ።

ሲፈን ናት። በአንድ እጇ ብርቱካን የሞላ ከረጢት፣ በትከሻዋ የነርስ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች፤ ከጣቢያው እየሮጠች መጥታ ጉንጯ ቀልቷል። «እንዴት አደሩ? ተሻላቸው? እናቴ ሳትጠይቂ እንዳታድሪ አለችኝ» አለች። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረውን መንገድ የታመመ ልትጠይቅ መጥታለች። ትርፍነሽ ክው አለች። በሩን ይዛ ቀረች።

ከሥራ ክፍሉ ማዳም ሂልካ ቀጥ ብለው፣ ሊፕስቲካቸውን እንደተቀቡ ብቅ አሉ። ሲፈን አየቻቸው። ከዚያ ዞራ ትርፍነሽን አየቻት። ብዙም አላሰበች፤ ወዲያው ነው የገባት።

ልጅቷ በፊንላንድኛ መናገር ስትጀምር ትርፍነሽ የሰማችው የራሷን ስም ነው። ትርፍነሽ እንዲህ፣ ትርፍነሽ እንዲያ። አለቀልኝ አለች በልቧ። ቁልፍ ሰጥተው፣ ቤታቸውን ጥለውላት የኖሩ ሴትዮ ውሸታም መሆኗን አሁን በጆሮዋ እየሰማች ሊያውቁባት ነው። አሥራ አራት ዓመቷ በዚያች ደጃፍ ላይ ሲፈስ ታያት።

ማዳም ሂልካ ወደ እሷ መጡ። ክንዷን ያዙ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ በፈረንሳይኛ።

«ማዳም፣ እኔ...»

«ሲፈን አይመቸኝም አለች ያልሽኝ ሕመምሽን ልትደብቂ ኖሯል! እሷ ባትነግረኝ እኮ መታመምሽን ሳላውቅ ልብስ ሳስተኩስሽ ልውል ነበር። ነይ ተቀመጪ።»

ወስደው የራሳቸው ወንበር ላይ፣ ገመዱ ሥር አስቀመጧት። የራሳቸውን ሻል አለበሷት። ሻይ አፍልተው የማያውቁት ሴትዮ ሻይ ሊያፈሉ ወጥ ቤት ገብተው ሲኒ ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ ይከፍቱ ጀመር። ትርፍነሽ ከመስከረም ጀምሮ የተመኘችው ይኸው ነው። አሁን አገኘችው፤ የሰጠቻት ግን ያችው ልጅ ናት። እንዲህ ያለ እሳት በልቷት አያውቅም።

ሲፈን ተንበርክካ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለች።

«ሲፈን...» አለች ትርፍነሽ።

«ዝም ይበሉ፣ እትዬ። ሲለካ አይወራም።»

መሣሪያው ተነፋ፣ ተነፈሰ። ሲፈን ቁጥሩን አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «መቶ ስልሳ ስምንት ነው። ይህ ሐቅ ነው እንግዲህ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብዎት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ብርቱካን ልጣ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር።

ማምሻውን ትርፍነሽ ጣቢያ ድረስ ሸኘቻት። ባቡሩ ሲመጣ ሲፈን ቦርሳዋን አስተካከለችና፣ ሳትስቅ፣ «በሚመጣው ሐሙስ የሚታመመው ማነው፣ እትዬ?» ብላ ጠየቀች።

ትርፍነሽ መሬት መሬት አየች። «ማንም» አለች። «ነይ።»

ቅናቷ ለቀቃት ብል እዋሻለሁ። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላት፣ ጨው ቀንሺ አላት፤ ቀነሰች። ማዳም ሂልካም ሐሙስ ሐሙስ ግፊቷ ሳይለካ ሥራ አይጀመርም ብለው ደንግገዋል። ሲፈን ትለካለች፤ ቁጥሩን ለትርፍነሽ በአማርኛ ሹክ ትላታለች፤ ሌላ ቀን ደህና የሚሆነው ግፊት ሐሙስ ሐሙስ ከፍ ይላል። ከዚያ ልጅቷ ወደ ማዳም ዞራ በፊንላንድኛ ትናገራለች። ትርፍነሽ ከፊንላንድኛ ቁጥር ታውቃለች። ለእሷ መቶ ሃምሳ ያለችውን ለማዳም መቶ ሠላሳ ስትል በየሳምንቱ ትሰማታለች፤ ክንዷን ሸፍና ተነሥታ ወረቀት መስቀሏን ትቀጥላለች።