ቢተው በአንድ እጁ የወጣው ገደል

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎንደር

ከጎንደር የተነሣሁት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ጉዞውን ያሰበው አባቴ ነው። ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ከድቶታል፣ ትዝታው ግን አልደከመም። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ዘመዳችን «እናንተ እኮ የቢተው ዘር አይደላችሁም» አለው። ቢተው የአባቴ ቅድመ አያት ነው፤ ጠመንጃ ይዞ ለንጉሡ ያደረ፣ መተማ ድረስ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር። አባቴ ስለ እሱ ሳያወራልን የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። ያን ቃል ከሰማ በኋላ ግን ስሙን ማንሣት ተወ።

«ኮሶዬ ሂጂና የቀሩትን ዘመዶች ጠይቂልኝ» አለኝ በመጨረሻ። «እውነቱን ሳልሰማ መሞት አልፈልግም።»

«የማትወደው ነገር ቢሆንስ አባባ?»

«ቢሆንም የኛው ነው።»

ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ከመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። መንገዱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ብርዱ በመስታወቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሄደና ቢጫ የገብስ ማሳ ተተካ። አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኮሶዬ ወረድኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ትኩስ የገብስ ቂጣ በአዋዜ በላሁ፤ ባለቤቲቱ የአያ ደሴን ቤት በጣቷ አሳየችኝ።

ከአያ ደሴ ዘንድ

አያ ደሴ የቢተው የሴት ልጁ ዘር ናቸው፤ ከአባቴ በጥቂት ዓመት ያንሳሉ። ግቢያቸው ውስጥ ገብስ ያበጥሩ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው መንሹን አስቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» አሉኝ። «ከናንተ ወገን ሰው ይመጣል ብዬ ስንት ዘመን ጠበቅሁ።»

ዘመዳችን ያለውን ነገርኳቸው። እንዲክዱት ፈልጌ እንደነበር ያወቅሁት አለመካዳቸውን ሳይ ነው።

«እውነት ነው» አሉ። «የአባትሽ አያት ስንሻው ከቢተው አብራክ አልወጣም። የጓደኛው የአለሙ ልጅ ነው። ነይ፣ እየሄድን ላውጋሽ።»

በማሳው መካከል ስንሄድ አወጉኝ። በዚያ ዘመን የወታደር ሚስት ጦሩን ተከትላ ትዘምታለች፤ ትፈጫለች፣ ታበስላለች፣ እዚያው ትወልዳለች። ቢተውና አለሙ በአንድ ድንኳን ነበር የሚያድሩት። የአለሙ ሚስት መንገድ ላይ ወልዳ በአራስነቷ ሞተች። የቢተው ሚስት አትጠገብ ያን ጊዜ ልጅ አልነበራትም፤ ሕፃኑን የፍየል ወተት እያጠጣች ያዘችው። መተማ ላይ አለሙ ወደቀ። ቢተውን ጥይት ግራ ትከሻው ላይ መታው። ንጉሡም ወደቁ፤ ጦሩም ተበተነ። ሦስቱ በአርማጭሆ ቆላ በኩል ወደ አገራቸው አቀኑ።

ይህን ሲሉ ከገደሉ ጫፍ ደርሰን ነበር። ጭጋጉ ተገልጦ አገሩ ሁሉ ከእግሬ ሥር ተዘረጋ። ቆላው ሰማያዊ ሆኖ፣ ሸንተረር ከሸንተረር እየተደራረበ፣ ዓይን እስኪታክተው ይሄዳል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከሥራችን በገደሉ ወገብ ሣር ይነጫሉ። አያ ደሴ በምርኩዛቸው ከዓለቱ ላይ እንደ ጭረት የምትታይ ቀጭን መንገድ አመለከቱኝ።

«የወጡት በዚያች ነው።»

ጥቂት እርምጃ ወረድኩባት። ሁለት ጤነኛ እጅ ይዤ፣ ሆዴን ከድንጋዩ አጣብቄ ቆምኩና ከዚያ በላይ መውረድ አቃተኝ።

«አትጠገብ ዱቄቱንና ውኃውን ተሸክማለች፤ ያን ሸክም ብትጥል ሦስቱም ያልቃሉ» አሉ ከላይ ሆነው። «ቢተው ልጁን አዝሏል። የቆሰለው ትከሻ ምንም አይዝም። በቀረችው እጁ ድንጋዩን መቧጠጥ አለበት። ጠመንጃውን በምን ይያዘው?»

«ጣለው?»

«ጣለው። ከዚህ ሥር ነው የጣለው።»

ጠመንጃ የሌለው ወታደር ያን ጊዜ ከወታደር አይቆጠርም። ለአገልግሎቱ የተሰጠውን መሬት ተነጠቀ፤ የአባቶቹ ርስት ብቻ ቀረው። አገሬው «ጠመንጃውን ጥሎ የመጣ» ይለው ነበር። እስኪሞት ድረስ ለማንም መልስ አልሰጠም፤ እርሻውን አርሶ ኖረ። በኋላ ሴቶች ልጆች ተወለዱለት፤ የገደሉን ነገር አትጠገብ ለእነሱ ብቻ አወጋች።

«እሱ ራሱ ለምን አልተናገረም?» አልኳቸው ተመልሼ ስወጣ።

«በልጁ ምክንያት ጣልሁ ቢል ልጁ ምን ተሰምቶት ያድጋል?»

ወደዚያች ቀጭን መንገድ ዞርኩ። ቁልቁል ሳይ እንባዬ መጣ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ

አያ ደሴ ወደ ደብሩ ወሰዱኝ። የንዋየ ቅዱሳቱ ጠባቂ የሆኑት ቄሰ ገበዝ ከዕቃ ቤቱ አንድ የብራና መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡና ከደጀ ሰላሙ ተቀመጡ። ከኅዳጉ ላይ በቀጭን ብዕር የተጻፈች ማስታወሻ ነበረች። ቀስ ብለው አነበቡልኝ፤ ቢተው አውራ ጣቱን ከማር ነክሮ ስንሻውን በካህናቱ ፊት አጥብቶታል፤ ልጄ ነው ብሏል፤ ርስቱን ከሴቶች ልጆቹ እኩል ይካፈል፤ ይህን የሚያፈርስ ውጉዝ ይሁን።

«ጣት ያጠባ አባት ነው» አሉ ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን እየጠቀለሉ። «በዚህ አገር ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም።»

አያ ደሴ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። «አባትሽን ሸጋ ዘመድ አላችሁ በይልኝ። ድርሻችሁን እስከ ዛሬ በስማችሁ ነው የምንጠራው፤ የስንሻው መሬት እንላለን።»

ወደ ቤት

ማምሻውን ጎንደር ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጠመንጃው ጋ ስደርስ እጁን አነሣና አስቆመኝ። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብሰብ አደረገ።

«ቀጥይ» አለኝ ከዚያ።

የወጣሁት ዘራችንን ላጣራ ነበር። አሁን የማስበው በዚያች ቀጭን መንገድ ላይ የሆነውን ነው። አንድ ሰው ማዕረጉንና እንጀራውን በአንድ ጊዜ ከእጁ ለቀቀ፤ በዚያ ምክንያት አባቴ አለ፣ እኔም አለሁ።

እሑድ ዕለት አባቴ ለዚያ ዘመዳችን ስልክ ደወለ። «ያልከው እውነት ነው» አለው በረጋ ድምፅ። «ዘሩ አይደለንም። ልጆቹ ነን።» ከዚያ የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ የትውልድ ሐረጉን ያስቆጥራቸው ጀመር። ስንሻው ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበና «የአለሙ ልጅ፣ የቢተው ልጅ» አለ። ልጆቹ ተከትለው አሉ።

«የአትጠገብም ልጅ» ብሎ ጨመረ። በቤታችን የሴት ስም ከሐረጉ ሲቆጠር የዚያን ዕለት ነው የሰማሁት።