የወንድሜን ግን እንዳትነኪ

መሐል ሜዳ ከተማ ሳስተምር ሥራዬ ፊዚክስ ነበር። የኮምፒውተር መምህሩ ተዛውሮ ሄዶ ምትክ ሲጠፋ ርዕሰ መምህሩ "ለጊዜው" ብለው ያንን ክፍል ጫኑብኝ፤ ለጊዜው የተባለው ሦስት ዓመት ቆየ። ከተደረደሩት ኮምፒውተሮች የሚነሱት አራት ናቸው፣ እነሱም መብራት ካለ ነው። ከተማው ግን ይሄን ከየት ያውቃል? የኮምፒውተር መምህር ከተባልኩ ጀምሮ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ጀመር።

ያኔ በጣት የሚዳሰሱት ስልኮች ገና መግባታቸው ነበር። ሰው ገዝቶም ሆነ ተልኮለት ይይዛቸዋል እንጂ እንዴት ዝም እንደሚያሰኛቸው አያውቅም። ከአጭር ቁጥር "ይመዝገቡ፣ ይሸለሙ" የሚል ይመጣል። ያልጠየቁት የፍቅር ምክር ይመጣል። ጨዋታው ናና ተጫወት ይላል። ይሄ ሁሉ ሳያንስ የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ አለ፤ የአንድ ለአምስቱ ሪፖርት የት ደረሰ እያለ ቅዳሜ የለው፣ እሑድ የለው። እኔን ታዲያ ገበያ መሐል ያቆሙኛል። አንድ ጊዜማ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ገና ጫማዬን ሳላጠልቅ፣ አንዱ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ "እስቲ ይቺን ነገር ዝጊልኝ" አለኝ።

ጠባዬ መቼም አያምርም፣ እኔም አልደብቀውም። እዘጋላቸዋለሁ፣ ግን እየተነጫነጭኩ ነው። ሲጭኑት የት ነበርኩ እላለሁ። ነገ ና እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ራሴን አሞኛል እላለሁ። ደክሞኝ ነበር። በአንድ ክፍል ከታጨቀ ተማሪ ጋር ስጮህ ውዬ፣ ያ ነፋስ ጆሮዬን ሲገርፈኝ ቆይቶ፣ ቤቴ ስገባ የምፈልገው የበግ ፀጉር ባናዬን ተከናንቤ የማንንም ድምፅ አለመስማት ብቻ ነው። እሱም አይገኝም።

ከሁሉም የምትብስብኝ ግን በአንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ጎረቤቴ ነበረች። የወረዳው ግብርና ሠራተኛ ናት፤ አገሯ ከዘመሮ ወዲያ ነው። እዚያ ዕድሜያቸው የገፋ እናት አሏት። ሌላ ያላት አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ይሠራል። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ማንም የላትም። ስልኩን ለፋሲካ የላከላት እሱ ነበር፤ ልኮም አልቀረ፣ በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ጭኖበት ነው የላከው። የኳስ ውጤት ሳይቀር። እሷ ኳስ ምኗ ነው? ግብ በገባ ቁጥር በግድግዳው በኩል ይጮህብኛል። ሁለት ወር ሙሉ እባክሽ ዝጊልኝ ብላ ለመነችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ነገ አልኳት። የአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰው ይፈልግሻል ብሎ ጠራኝ። ከበሩ ውጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። የጎረቤቴ አጎት መሆናቸውንና በጠዋቱ መኪና ከዘመሮ መምጣታቸውን ነገሩኝ። ከነፋሱ ከለል ወዳለው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን አፈረጡት። ወንድሟ ትናንት ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ሞቷል። አስከሬኑ ነገ እናቱ ደጅ ይገባል፣ ቀብሩም እዚያው ነው። እናትየውም ገና አልሰሙም፤ እሳቸውም እሷም ነገ ጎሕ ሲቀድ ይረዳሉ።

እኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው በባዶ ሆዱ አይረዳም፣ መንገድ ላይ አይረዳም፣ ብቻውን አይረዳም። በልቶ ያድራል፤ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች ደጁ ይመጣሉ፤ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኝ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው። አጎትየው ሁሉን አሰናድተውታል። ዘመድ አዝማድ ማንም እንዳይደውልላት ተነግሮታል። ከእድሩ ሦስት ሽማግሌዎች ለምነዋል፣ መኪናም ተይዟል። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መንደሩ ውስጥ ያሉት ወጣቶች የልጁን ፎቶ ከትናንት ማታ ጀምሮ በስልክ እየለጠፉት ነው፣ በስልኳም ይደርሳታል ብለዋቸዋል። እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እውነት ነው አልኳቸው። ያ ሰው ሁሉ ፊቱን የሚለጥፍበት ገጽ አለ፣ የአገሯ ልጆች ግሩፕም አለ፤ ሁለቱም ስልኳ ላይ አሉ፤ ሁለቱም ይጮሃሉ። እንግዲያ ስልኩን ደብቂባት አሉኝ። ከጠፋባትማ ወዲያው ትጠረጥራለች አልኳቸው። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ወንድሟን ከብረት አትስማ። ከሰው አፍ ትስማ።"

እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። አስፈቅጄ ወጣሁ።

ደግነቱ ያን ቀን በግ ለማስከተብ ገጠር ቀበሌ ወጥታ ነበር፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ክፋቱ ደግሞ ከተማው መግቢያ ላይ ስትደርስ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወርድባታል። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መንገዱ ዳር ቆሜ ጠበቅኳት። ነፋሱ አቧራውን ዓይኔ ውስጥ ይሞጅረዋል፤ የሚያልፈው ሰው ምን ሆነሽ ነው እዚህ የቆምሽው ይለኛል፤ ሰው እየጠበቅኩ ነው እላለሁ። በልቤ የምለው ግን ሌላ ነው። ለምን እኔ? በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ስልክ መንካት የሚችል ሰው ጠፍቶ ነው? እናደዳለሁ፣ ተናድጄም አላበቃ እንባዬ ይመጣል።

አሥር ሰዓት ገደማ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ብቅ አለች። እነሱ ተሰናብተውን ሄዱ። ገበያ ደርሼ ስመለስ ነው አልኳት፤ እጄ ላይ የተገዛ ነገር እንኳ የለም። ወዲያው ስልክሽን ስጪኝና ያንን ነገር ልዝጋልሽ፣ ዛሬ ጊዜ አለኝ አልኳት። ቆም ብላ አየችኝ። ዛሬ ምን ተገኘ ብላ ሳቀች፤ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

ስልኩ እጄ ላይ እንደገባ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ከላይ የወረደው የመጀመሪያው ፎቶ የእሱ ነበር፤ ጎኑ ላይ የበራ ሻማ አለ፣ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ይላል። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፣ ሌላው መጣ፣ እሱንም ገፋሁት። ማነው አለችኝ፣ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር እያራገፈች። ማስታወቂያ ነው አልኳት። ዳታውን አጠፋሁትና እስከ ቤት ድረስ ስልኩን እጄ ውስጥ ጨብጬ ሄድኩ።

ዳታውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ማታ መልሳ ታበራዋለች። እኔ ቤት አስገባኋትና ምስር ሰጥቻት ልቀሚ አልኳት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንድ በአንድ መዝጋት ጀመርኩ። ኳሱን ዘጋሁ። ጨዋታውን ዘጋሁ። የፍቅር ምክሩንና የሽልማቱን ዘጋሁ። እንዳይጠረጠር ብዬ እነሱን አስቀደምኩ እንጂ ጉዳዬ ከእነሱ አልነበረም። የፎቶውን ገጽ ዘጋሁት፣ እሱንስ ከነጭራሹ አጠፋሁት። የአገሯን ልጆች ግሩፕ ዘጋሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን ዘጋሁ። ቀጥሎ የየሰው መልእክት መጣ፤ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ አብሮ አደግ፣ ሁሉንም ተራ በተራ። ከተራው መሐል የእሱ ደረሰ። የመጨረሻው መልእክቱ የሰኞ ነው፤ "ደህና ዋልሽ ወይ" ይላል።

ከምስሩ ቀና አለች።

"የወንድሜን ግን እንዳትነኪ" አለችኝ።

ጣቴ እዚያው ቀረ። ከሁሉ የማያሰጋኝ እሱ ነው ብዬ አሰብኩ። ከእንግዲህ ከዚያ የሚመጣ የለም። እሺ አልኳትና አለፍኩት። ተመስገን አለች፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ምስሩ እንደገና አቀርቅራ።

በልታ ትደር ብለውኛልና ምስሩን ሠርቼ አቀረብኩላት። ሦስት ጊዜ ያህል ጎረሰች። ብዪ እንጂ አልኳት፣ እኔ ሰው ብዪ የምል ሰው አይደለሁም። አንድ ጊዜ ደግሞ ጎረሰችልኝ። ከዚያ ደክሞኛል ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ያን ምሽት በግድግዳው በኩል ምንም አልተሰማም። ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ እሱ ነበር፤ መጣልኝና ጠላሁት።

ዶሮ ሲጮህ ተነስቼ ግቢው በር ላይ ጠበቅኩ። አጎትየው ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ ሁለት ሴቶችም አስከትለዋል። የክፍሏን በር ገና አንድ ጊዜ ሲመቱት ተከፈተ። ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤቱን ጠርጋ ነው የጠበቀችን። ለጸሎት የተነሳች መሰለኝ። አስቀመጧትና አጎትየው እንደ ሥርዓቱ ጀመሩ፤ ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ። እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። "ወንድምሽ" ሲሉ ግን ቀና አለች፤ ያየችው እሳቸውን አይደለም፣ እኔን ነው። እንዲያ አፍጥጦ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ከዚያ ወደቀች፣ ሴቶቹም ያዟት።

አብሬ ሄድኩ። ለቅሶው መቼም ለቅሶ ነው፤ እናትየው መሬት ላይ ሲፈራገጡ አራት ሰው ነበር የሚይዛቸው። ልጅቱ ከእናቷ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ስመለስ አጎትየው ሸኙኝ፤ በሰው ወግ ተረዳች፣ እግዜር ይስጥሽ ልጄ ብለው መረቁኝ። እኔም እውነት መስሎኝ፣ በሕይወቴ አንድ ነገር በትክክል ሠራሁ ብዬ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። ከትምህርት ቤት ስገባ በሬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና አስገባኋት። ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ የዘጋሁትን ሁሉ መልሼ እንድከፍትላት ፈለገች። ኳሱንም ጨዋታውንም ወይ አልኳት። ሁሉንም አለች። ስልኩ ዝም ሲል አንድ ነገር የተደበቃት እየመሰላት በየደቂቃው እያወጣች ማየት እንደሰለቻት ነገረችኝ። ስልኩን ተቀብያት መክፈት ጀመርኩ።

"ያን ቀን እኮ ገብቶኝ ነበር" አለችኝ። "መንገድ ዳር ቆመሽ ሳይሽ። ዛሬ ጊዜ አለኝ ስትይኝ። አንቺ መቼ ጊዜ ኖሮሽ ያውቃል?"

ከገባሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ሽማግሌዎቹ ደክመው የሚመጡበትን ነገር ላፈርስባቸው አልፈለግኩም አለች፤ ደግሞም እስኪነጋ እንኳ ሳልሰማው ልቆይ ብላ ነው።

"ሰው እንደሞተብኝ አውቄአለሁ። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት። ያሉኝ ሁለት ናቸው። የወንድሜን እንዳትነኪ ያልኩሽ ፊትሽን ላየው ነው። የሞተው እሱ ከሆነ ትዘጊዋለሽ አልኩ። አልዘጋሽውም።"

ከዚያ የሚመጣ ስለሌለ ነው የተውኩት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"ተመስገን አልኩ እኮ" አለችኝ። "ሰምተሽኛል። እናቴ ናት፣ እሱ አለልኝ ብዬ ነው ተመስገን ያልኩት። እሷ አርጅታለች፣ እሷ ትሁን ብዬ ተቀብዬ ነው ያደርኩት።"

አላለቀሰችም። ሁለቱን ሳምንት ከእናቷ ጋር አንድ መደብ ላይ ሲተኙ እንደከረሙ ነገረችኝ። እናትየው በነቁ ቁጥር እጇን ፈልገው ይይዙና አንቺ እንኳን አለሽልኝ ይሏታል። እሷ ግን ተሰናብታቸው እስክትመጣ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ ዓይናቸውን አላየችም።