ያልጠረግኩት መስታወት

«እጅዎን ምን ነካው?» ብሎ ሰው ሲጠይቃቸው ሽማግሌው «ራሴው ነኝ፣ ልጁን ገፋሁት» ይላሉ። ልጁ እኔ ነኝ። አልገፉኝም።

እኔ ጎንደር ውስጥ መስታወት ገጣሚ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ቀሐ ሰፈር ዋግምት የሚያግሙ ሰው ናቸው። የታመመው ወገብ ላይ ቀንድ ይደፋሉ፣ በጫፉ ቀዳዳ አየሩን በአፋቸው ይመጥጡታል፣ ቶሎ ብለው በአውራ ጣታቸው ሰም ይደፍኑበታል። ቀንዱ ገላ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዛ በምላጭ ጫር ጫር አርገው መልሰው ይደፉታል፣ ደሙን ይስበዋል።

የመስኮታቸውን መስታወት ልቀይር ሄድኩ። የመስታወት መያዣዬን አወጣሁ፤ ሁለት ጎማ አለው፣ እጀታውን ስትጫነው መስታወቱ ላይ ጥብቅ ይላል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘመናዊ ነው አያ። የሚይዘው ጎማው እንዳይመስልዎት። ውስጡ አየር የለም፣ የውጭው አየር ነው ተጭኖ የሚያጣብቀው።» ከስምንተኛ ክፍል የቀረችኝ ይቺ ናት። ዘጠነኛን አልጨረስኩም፣ አፍ ግን አለኝ።

«ታዲያ የኔው ቀንድ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

ተናደድኩ። ሙያዬን ከቀንድ ጋር! ስልኬን አውጥቼ አንድ የባሕር እንስሳ አሳየኋቸው፣ ስምንት ክንድ ያለው፣ ክንዱ ሙሉ መጣበቂያ፣ ድንጋይ ላይ ልጥፍ ብሎ። «ይሄም ያግማል ይበሉኛ!»

ትኩር ብለው አዩት። «ሸጋ ነው። እሱ ግን ውሃ ውስጥ ነው ያለ፣ እርጥብ ነው። ያንተ መስታወት አቧራ ለብሷል። እኔ ያልተጠረገ ገላ ላይ ቀንድ አልደፋም፣ አየር ሰርቆ ይገባል። ምነው ጠረግ ብታረገው?»

«አያ፣ እርስዎ ደምዎን ይምጠጡ፣ መስታወቱን ለኔ ይተውት።»

ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኪሴ ውስጥ! እልህ ያዘኝና ሳልጠርግ አነሳሁት። መስኮቱ ጋ ስደርስ አንዱ ጎማ ፍስስ አለ። መስታወቱ እግሬ ላይ እንዳያርፍብኝ ብለው እሳቸው በእጃቸው ሊቀበሉት ገቡ። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጅማት በጠሰው።

ባጃጅ ውስጥ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስንበር፣ አለቃዬ ደወለ። ተሰበረ አልኩት። «ሁለተኛህ ነው! ሌላ ከሰበርክ እንዳትመለስ አላልኩህም?» ብሎ ሲጮህ ሽማግሌው ሰሙት። የደማውን እጅ በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ በደህናው ስልኩን ነጠቁኝ።

«እኔ ነኝ የገፋሁት። ልጁ ምን አጠፋ?»

አለቃዬ ንዴቱ በረድ ብሎለት ስልኩን ዘጋ። እኔም መልሼ ደውዬ እውነቱን አልነገርኩትም። ዛሬም ሥራዬ ላይ አለሁ።

ቁስሉ ዳነ፣ ጣቱ ግን አይታጠፍም። ምላጩን በግራቸው ለምደውታል፤ ሰም መድፈን ግን እምቢ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ገላውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ቀንዱን እመጥጣለሁ፣ እደፍናለሁ። «ጠረግከው?» ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ከማክሰኝት ወገቡን የታመመ ገበሬ መጣ። በሆዱ እንደተኛ «ምነው አያ፣ እጅዎን?» አለ። ቀንዱ አፌ ውስጥ ነበር።

«ራሴው ነኝ። መስታወት የያዘ ልጅ ገፋሁ።»

ብናገር ቀንዱ ይወድቃል አልኩ ለራሴ። ደፈንኩት። አፌ ባዶ ሆነ። ሽማግሌው አላዩኝም፣ ለሚቀጥለው ሰም እያለሰለሱ ነበር።

ገበሬው አንገቱን ወደኔ አዞረ። «አንተ ግን ጎበዝ ልጅ ነህ። ለሽማግሌ የሚደርስ እጅህን እግዜር ይጠብቅልህ።»

«አሜን» አሉ ሽማግሌው።

እኔም አሜን አልኩ።