ተደምስሷል ብዬ የፈረምኩበት ክር

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ገበሬው ከያለበት ተነሥቶ በአንድ መንደር እንዲሰባሰብ ይደረግ በነበረበት ሰሞን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ። ረስቼዋለሁ ብዬ ተቀምጬ ሳለ ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ቀሰቀሰብኝ። አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር መረጃ የሚቀመጥባቸውን ካሴቶች ይቆጣጠራል።

"ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ሰው መደርደሪያውን አይነካም። ቁጥሩን ሲነግሩት ማሽኑ ራሱ ሄዶ ያወጣል፣ ራሱ ቦታው ይመልሳል። ተሳስቶ አያውቅም" አለኝ እየሳቀ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በእኔ ዘመን ያንን ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር፤ ሰውየውም እኔ ነበርኩ።

የምሠራው ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የድምፅ ክፍል ውስጥ ነው። ለገበሬው የሚሰጠው ትምህርትና የየቀበሌው ስብሰባ በትልልቅ የድምፅ ክር ይቀረጻል። ክሩ ከነመጠቅለያው ካርቶን ውስጥ ይገባና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በካርቶኑም፣ በራሱ በክሩ ጥቅል ላይም፣ በካርድም ይጻፋል። "ዓይኔን ጨፍኜ የፈለጋችሁትን አወጣላችኋለሁ" እያልኩ እኩራራ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼም "ይኼ ሰው ሚስቱ ብትጠፋ አይፈልጋትም፣ ክር ከጠፋበት ግን ያብዳል" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሁለት ችግር ነበረብን። አንደኛው አዲስ ክር እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ኃላፊያችን ዝርዝሩን ሲፈርምልኝ አሮጌዎቹን በማግኔት ደምስሼ ለአዲስ ቀረጻ አዘጋጃለሁ። ሁለተኛው እርጥበቱ ነው። ክረምት ሲገባ ካርቶኑ ያብጣል፣ ሻጋታ ይወጣበታል፣ በክሩ ጥቅል ላይ የለጠፍኩት ቁጥር ሙጫው እየለቀቀ ይወድቃል። ስለዚህ ፀሐይ ብቅ ሲል ክሮቹን አውጥቼ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ እያንዳንዱን ከካርቶኑ ፊት ለፊት፣ አናፍሳቸዋለሁ።

አንድ የነሐሴ ቀን የአንድ መደርደሪያ ክር በሙሉ ዘርግቼ ሳለ ለውይይት ክበብ ተጠራን። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ወጥቼ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ዝናቡ ወረደ። መስኮቱን ክፍት ትቼዋለሁ። ሮጬ ተመልሼ ክሮቹን እንዳገኘሁ አንዱን በአንዱ ላይ ከመርኩና ወደ ስብሰባው በረርኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አብዛኞቹ ቁጥር የላቸውም። ደንቡ እያንዳንዱን ማሽን ላይ አድርጎ ማዳመጥ ነበር። ያ ደግሞ የሳምንት ሥራ ነው። እኔ ግን አስታውሳቸዋለሁ ብዬ በመሰለኝ ካርቶን ከተትኳቸው። ኩራቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

ጥቅምት ላይ አቶ ታደለ ታሰሩ። አቶ ታደለ የዱርቤቴ ሰው፣ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ትምህርት ለመቅረጽ እኛ ዘንድ ይመጡ ስለነበር በደንብ እንተዋወቃለን። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሰው ነበሩ። ዘንዘልማ በተደረገ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ "ቤታችሁን አታፍርሱ ብለው ቀስቅሰዋል" ተባለ። ሁለት ሰዎች መሰከሩባቸው፤ ለእሳቸው ግን ደፍሮ የሚመሰክር አልተገኘም። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ክስ አይደለም።

ስብሰባው ግን ተቀርጿል። የቀረጸው ባልደረባችን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሄዷል፣ ክሩ እኔ ዘንድ ነው። መርማሪዎቹ ክሩ እንዲቀርብ በደብዳቤ ጠየቁ። ደብዳቤው በደረሰ በማግስቱ ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጡ።

"ወንድሜ፣ እኔ ይኸን ቃል አልተናገርሁም ብሎ ምሎልኛል። ክሩ እርስዎ ዘንድ ነው አሉኝ። እሱን ካሰሙልኝ ይፈቱታል" አሉ።

"አይጨነቁ፣ አሁኑኑ አወጣዋለሁ" አልኩ አፌን ሞልቼ።

ካርዱን አየሁ፣ ካርቶኑን አወረድኩ፣ ክሩን ማሽኑ ላይ አደረግኩ። የወጣው ስለ ከብት መዥገር የሚያስረዳ ትምህርት ነው። ያ የነሐሴ ዝናብ ወዲያው ታወሰኝ።

ሦስት ቀን ያንን መደርደሪያ አንድ በአንድ አዳመጥኩ። ግማሹ ላይ ሳልደርስ ኃላፊዬ ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"መልስ ዛሬውኑ ይሉኛል። ክሮች ተደበላልቀዋል ብለህ ብትጽፍ አሻጥር ነው ብለው ሁለታችንንም ይወስዱናል። ባለፈው ወር ከዚያው መደርደሪያ የደመሰስካቸው አሉ አይደል?"

"አሉ።"

"እንግዲያው ከእነሱ አንዱ ነው። ለአዲስ ቀረጻ እንዲውል በደንቡ መሠረት ተደምስሷል ብለህ ፈርም።"

ፈረምኩ። እሱ ማኅተም አደረገበት። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ስነግራቸው "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከሙልኝ" ብለው ሄዱ። አቶ ታደለም ወህኒ ወረዱ።

ከፈረምኩ በኋላ የቀሩትን ክሮች ላዳምጥ አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነ ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም።

ጥር ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ስለ ንብ እርባታ የተቀረጸ ትምህርት ፈልጌ አንድ ክር ከፈትኩ። የሰው ጫጫታ፣ የውሻ ጩኸት ተሰማ። ከዚያም የአቶ ታደለ ዝግ ያለ ድምፅ ቀጠለ።

"ቤቱ ይፈርሳል፣ አዲሱም ይሠራል። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የውኃው ጉድጓድ ይቅደም። እኒህ ሴቶች ከየት ሊቀዱ ነው?"

ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ሰብሳቢው ራሱ "ትክክል ነው" ሲል ይሰማል። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ሌላ የተናገሩት ነገር የለም።

ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ተደምስሷል ብዬ የፈረምኩት ወረቀት መርማሪው መዝገብ ውስጥ አለ። የት ደብቀኸው ነበር ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሚስቴ ሦስተኛውን አርግዛለች። ክሩን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ፣ ካርቶኑን ከሌሎቹ ኋላ ገፋሁት። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ ጠበቅኩ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅን ስንቅ ይዘው ወደ ወህኒ ሲሄዱ በመንገዱ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር አገኛቸው ነበር። ጎንበስ ብለው "ደኅና ዋሉ?" ይሉኛል። መንገድ ቀየርኩ። በሐይቁ ዳር፣ በጭቃው በኩል ዞሬ ሥራ መግባት ጀመርኩ።

መጋቢት ላይ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ክምችቱን አንድ በአንድ ያያሉ ተባለ። ሰዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ክሩን አወጣሁና ማግኔቱ ላይ አኖርኩት። ቀስ ብሎ አንድ ሁለቴ ማዞር ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ሲያልቅ ማሽኑ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ምንም አይሰማም። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ፊርማዬ እውነት ሆነ።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። በሩ ላይ ቆመው መደርደሪያውን ከሩቅ አዩ፣ "ንጽሕናው ጥሩ ነው" አሉ፣ ዓሣቸውን በልተው ሄዱ። አንድም ካርቶን አልከፈቱም።

አቶ ታደለ ከሁለት ዓመት በላይ ታስረው፣ ለአብዮት በዓል በምሕረት ተፈቱ። በሳምንቱ ከዘራ ተመርኩዘው ቢሮዬ መጡ። ሰውነታቸው አልቋል፣ ሳል ያቋርጣቸዋል። ሳያቸው ሁሉን አውቀው የመጡ መሰለኝ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ፈልገህልኛል አለችኝ ባለቤቴ" አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ ልልህ መጣሁ። ክሩ ባይገኝም፣ የሚፈልግልኝ ሰው አለ እያልሁ እዚያ ውስጥ እጽናና ነበር።"

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን "ምንም አይደል" አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። ምንም አይደል።

ሁለት ክረምት አልቆዩም። ቀብራቸው ላይ ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ ነበር። ትንሿ ልጃቸው "ምነው አባዬ፣ ምነው ያን ቀን ዝም ባልህ! አፍህ ነው የፈጀን!" እያለች ታለቅስ ነበር። እናትየው አፏን ሊይዙ ሞከሩ፣ አልቻሉም። እኔ ግን ዝም ማለቱን ተክኜበት ስለነበር ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለማንም ሳልናገር ጡረታ ወጣሁ። ኃላፊዬም ወይዘሮ ጥሩወርቅም አርፈዋል። ያንን ክር ሰምቶ ቃሉን የሚያውቅ አሁን እኔ ብቻ ነኝ፣ ጤናዬም እያደር እየከዳኝ ነው። ፈሪ ነበርኩ። ለልጆቼ ስል ነው እያልኩ ራሴን አጽናንቼ አውቃለሁ፣ ግን እሳቸውም ልጅ ነበራቸው።

ያቺ ልጅ ዛሬ አስተማሪ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ማንበብ ትወድ ይሆናል። ይህን ካነበብሽ ልጄ፣ አባትሽን የፈጀው አፉ አይደለም። እኔ ነኝ።