ሚሌቼንቶዋ አውሮፕላን ሜዳ የዋለችበት ቀን

የአብዮቱ በዓል በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ ውስጥ ሰልፍ ነበር። አንድ ዓመት ግን፣ ማን እንዳሰበው አላውቅም፣ ከሰልፉ ማግስት የአሮጌ መኪናዎች ውድድር እንደሚደረግና አንድ የጥንት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን መጥቶ ለሕዝብ እንደሚታይ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ቦታው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ያለው የጠጠር ሜዳ ነበር። እኔ የዩኒቨርሲቲ የክረምት ዕረፍቴ እያለቀ፣ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ልብሴን እያጠብኩ ነበር።

እኛ ቤት አሮጌ መኪና ነበረች። ሚሌቼንቶ የምንላት፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ የወተት ቀለም ያላት። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ባቡር ሲነዳ ኖሮ፣ ዓይንህ ደክሟል ተብሎ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው እሷ ኮፈን ሥር ሆነ። ካንዴላዋን ይፈታል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያስራል። ዓይኑ መድከሙን ግን አምኖ አያውቅም። ታዲያ በዚያ ክረምት መጋላ ገበያ ውስጥ የአንድ ጋሪ ጎማ ገጨ። ሰውም ፈረስም አልተጎዳም። ወሬው ብቻ እሱ ቤት ሳይደርስ ቀድሞት እናቴ ዘንድ ደረሰ።

እናቴ ቁልፉን ልትወስድበት ቆረጠች። እሱ ደግሞ ጋሪው ነው የመጣብኝ እያለ ተሟገተ። ሲነታረኩ ሰነበቱና ውድድሩ ሲለፈፍ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ይወዳደር፤ በደንብ ነድቶ ከተመለሰ ቁልፉ የእሱ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንድ ነገር ሳያይ ቢቀር ግን ቁልፉን በገዛ እጁ ያስረክባል፤ ሁለተኛም መሪ አይጨብጥም። በየመኪናው አንድ ረዳት እንዲቀመጥ ታዞ ስለነበር፣ ረዳቱ እኔ ሆንኩ። እናቴ ጓዳ ጠርታ ዓይኑን እንድጠብቅላት አደራ አለችኝ።

«አንቺ አታዳዪም» አለች። «ያየውን አየ፣ ያላየውን አላየም በዪኝ።»

ይህ ለእኔ ከባድ ነበር። ሰው ፊት መውጣት አልወድም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ነበርኩ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትፋጃለች። የከተማው ሰው ግማሹ እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። ከቢዮ አዋሌ ድረስ በጭነት መኪና የመጡም ነበሩ። ድሪዓ የሚባለውን ስስ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ጃንጥላ ዘርግተው በለስ ይልጣሉ። በሶማሌኛ የተጀመረ ጨዋታ በኦሮምኛ ቀጥሎ በአማርኛ ያልቃል። አውሮፕላኑ ጅራቱን መሬት ላይ አሳርፎ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል። ሰው በመሰላል እየወጣ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይወርዳል። አንዲት እናት ገብተው ሲወጡ ተከትሏቸው የቆመውን ሰልፍ አዩና፣ «አትልፉ አቦ፣ ከባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ ይጠባል» አሉ። አባቴ በዚህ በጣም ደስ አለው። ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ይስቅበት ነበር።

እኔም የእናቴን አደራ ስላልረሳሁ፣ ዞር እንደማለት ብዬ ክንፉ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራልኝ። ቀጥሎ ወዲያ ማዶ አጥሩ ላይ ስለተቀመጠው ሰው ልጠይቀው ስል፣

«እናትሽ ናት የላከችሽ?» አለኝ።

አልተቆጣም። ሰውዬው ቆብ እንዳደረገ ነግሮኝ ወደ መኪናችን ሄደ።

ውድድሩ ሜዳው ላይ የተተከሉትን በርሜሎች ዞሮ መመለስ ነበር። አስጀማሪው የከፍተኛው አስተዳደር ካድሬ ነው፤ ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ ፈገግታ የማያውቅ የሚመስል ወጣት። ባንዲራ ዝቅ ሲል ትነሳላችሁ ተባልን። መኪኖቹ ተሰለፉ፤ ሞተሮቹ ጮኹ። ካድሬው ባንዲራውን ከፍ አደረገና ዝቅ አደረገው።

ሁሉም ሄዱ። እኛ ቀረን።

አቧራው ሲነሳ አባቴ ፍሬኑን እንደረገጠ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት እያየ ነበር። እናቴ ሕዝቡን ከከለለው ገመድ ባሻገር ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ታየኛለች።

«አባባ፣ ባንዲራው ወርዷል» አልኩት።

«አየሁት» አለ፣ በጣም ረጋ ብሎ።

ካድሬው ሂድ ለማለት ባንዲራውን እያውለበለበ ወደ እኛ ሮጠ። እሱ ባውለበለበ ቁጥር አባቴ ፍሬኑን አጥብቆ ረገጠ። ጭራሽ ሞተሩን አጠፋው። ሕዝቡ ይስቅ ጀመር። አንዱ፣ «ከሰል ጨምሩለት» ይላል። ሌላው፣ «ተዉት አቦ፣ መንገደኛ ሳይሞላ አይነሳም» ይላል። ያኔ ነው ባንዲራውን ልብ ብዬ ያየሁት። በዚያ በዓል ሰሞን እንደተሰቀሉት ባንዲራዎች ሁሉ ቀይ ነበር። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ቀይ ሲያይ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ቀይ ይዞ ወደ ባቡር የሚሮጥ ሰው ሲያይማ፣ ወይ ሐዲድ ተነቅሏል፣ ወይ ሰው ወድቋል።

ልነግረው ሞከርኩ። ውድድር ነው አልኩት። እንደሚያውቅ ነገረኝ፤ እግሩ ግን አልተነሳም። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ያ ሁሉ ዓይን ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ካድሬው ፊት ደረስኩ፤ በዚያ ዘመን ካድሬን ቀይ ባንዲራህን ደብቅልኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

«ጓድ» አልኩት፣ «አባቴ ባቡር ነጂ ነበር።»

ካድሬው እጁ ላይ ያለውን ባንዲራ አየ። አባቴን አየ። ፊቱ አልተለወጠም።

«ሸሚንደፈር?» አለኝ፣ የባቡር ኩባንያውን በፈረንሳይኛ ስሙ ጠርቶ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

ባንዲራውን ቀስ ብሎ ጠቀለለና ብብቱ ሥር አደረገው። «የኔም አባት ሐዲድ ላይ ነው ያረጀው» አለ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ባዶ እጁን አነሳና አባቴን እለፍ አለው።

ሚሌቼንቶዋ ተነሳች። እኔን ግን ትቶኝ ሄደ። መንገድ ከተከፈተለት ረዳት ቀረ አልቀረ የሚል ሰው አልነበረም። ካድሬው ጎን፣ ሜዳው መሐል ብቻዬን ተገተርኩ።

ሌሎቹ ጨርሰው እየተመለሱ ሳለ አባቴ ገና መጀመሪያው በርሜል ጋ ነበር። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላኑ ከማረፊያው አስፋልት ተነስቶ ከራሳችን በላይ አለፈ። ያ ድምፅ ዛሬም አንዳንዴ ደረቴ ውስጥ አለ። ሕዝቡ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ ላይ አየ። ከገመዱ ባሻገር ግን እናቴ ሰማዩን አላየችም። ዓይኗ ያቺን የወተት ቀለም መኪና ብቻ ይከተል ነበር። አባቴ አንዱንም በርሜል ሳይነካ፣ በየመታጠፊያው ክላክስ እያሰማ ዞረ።

እናቴ ጋ ስሄድ፣ «አላየም አይደል?» አለችኝ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን።

ሰው እንዳይሰማ ጆሮዋ ሥር ገብቼ፣ እንዲያውም ከሁሉም አብልጦ ያየው እሱ መሆኑን ነገርኳት። ምን እንዳየና ለምን እንደቆመ ሹክ ስላት አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ ተሸሸገች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ የሚርገፈገፈው ግን በሳቅ ነው።

አባቴ መጨረሻ ደርሶ አጠገባችን አቆመ። ከመኪናው ወርዶ፣ ላቡን በመሐረብ ጠርጎ፣ እንደ ስምምነታቸው ቁልፉን ዘረጋላት።

እናቴ አልተቀበለችውም። የኋላውን በር ከፍታ ገባች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ተመቻቸች። መኪናዋ ቤታችን ከገባች ጀምሮ እናቴ ስትሳፈርባት ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ተነስ እንጂ» አለችው። ግራ ቀኙን ቃኝታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደሞ ቀይ በሌለበት መንገድ ውሰደን፤ መንገድ ላይ አታሳድረን።»

በበዓል ሰሞን ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ ቀላል አልነበረም። ከዚራ ሰፈር ከመብራት ምሰሶ እስከ መብራት ምሰሶ ቀልቷል። ስለዚህ አባቴ በደቻቱ ወንዝ ወረደ፤ በደረቁ አሸዋ ላይ፣ ግመሎች በሚሄዱበት። እናቴ ከኋላ ጉድጓድ፣ ድንጋይ፣ ፍየል እያለች ትጠራለታለች። እሱም አንድ በአንድ፣ «አየሁት» ይላል።