ጾም ያስገደፈች ቁርቁራ

በሳራስዋቲ በዓል ካህን የሆነ ሰው በክሪሽናናጋር ዋና መንገድ ባይሄድ ይሻለዋል። ሃላዳር ቻክራባርቲ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሳሪ ሲዘረጋና ሲያጥፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የእውቀት እናት የምትባለው የሳራስዋቲ በዓል ሲደርስ ግን ከተማው ሁሉ ይፈልገዋል። ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ መጽሐፉን በሳራስዋቲ ምስል እግር ሥር ደርድሮ፣ ልጆቹን አስጹሞ፣ ጸሎቱን የሚያደርስለት ካህን ይጠብቃል። ካህኑ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ካህን ያድናል፤ ያገኘውንም ብስክሌት ላይ አፈናጦ ይዞት ይሄዳል።

አምና ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲጎትቱት ውለው፣ የጨረቃዋ አምስተኛ ቀን አልፎ፣ በዓሉ ካበቃ በኋላ ነበር ቤቱ የደረሰው። ልጁን ማንዲራን ቢጫ ሳሪዋን እንደለበሰች፣ ከንፈሯ በጾም ደርቆ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ያኔ ተነሥታ ውሃ አቀረበችለት። የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ስትወድቅ ግን፣ «የሰውን ልጅ ሁሉ አሳለፍክ አይደል ባባ?» አለችው። ይህች ቃል እንደ እሾህ ተሰክታ ስትወጋው ከረመች። ዘንድሮ ፈተናው በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ነው፤ ማንዲራም አሁን ከወደቀች ደግማ እንደማትቀመጥ ቁርጡን ነግራዋለች።

ማለዳ ሲወጣ፣ «ቃል የገባሁላቸውን ጨርሼ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እመጣለሁ» አለ። በጨረቃዋ አቆጣጠር አምስተኛው ቀን፣ ከእሱም ጋር በዓሉ፣ የሚያልቀው ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ሚስቱ ሹክላ ጃንጥላውን እያቀበለችው፣ «የማንዲራ አባት፣ አንተ እምቢ ማለት አታውቅበትም። ዛሬ እንኳ እወቅበት» አለችው።

አላወቀበትም። ቃል የገባላቸውን ጨርሶ ሲወጣ አንዲት መበለት እግሩ ላይ ወድቃ፣ «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለችው፤ ገባላት። ከዚያ ሲወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። ዋናውን መንገድ ትቶ በኩሬው በኩል ባለው ጠባብ መንገድ፣ ልብሱን ሰብስቦ፣ ግማሽ እየሮጠ ሄደ። የሰፈር ጎረምሶች የጠበቁት እዚያው ነበር። ካህን በጓሮ እንደሚያመልጥ እነሱም ያውቃሉ።

«ታኩር ሞሻይ፣ ሳራስዋቲ ራሷ ናት ወደ እኛ የላከችዎት» አለው ፖልቱ የሚሉት ወፍራሙ ልጅ፣ በካህን ማዕረግ ጠርቶት፤ ጃንጥላውን በአክብሮት ተቀበለውና መልሶ አልሰጠውም። «ምስሏን አቁመን፣ አበባውን ደርድረን፣ ካህናችንን ሌላ ሰፈር ጠለፈብን።»

«ልጄ እየጠበቀችኝ ነው። ልቀቁኝ።»

«የእኛም ልጆች እየጠበቁ ነው። የእርስዎ ልጅ ካህን ቤቷ ውስጥ አለላት፣ ምን ጎደለባት?»

ሃላዳር ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ሽቅብ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ አፉ ሳያማክረው ተናገረ። «በልቻለሁ። ጾሜን ገድፌያለሁ። የበላ ካህን ምን ይሠራላችኋል?»

ፖልቱ አፍጥጦ አየው። «በዚህ ሰዓት? ውሸትም እኮ ሙያ ይጠይቃል ታኩር ሞሻይ።»

ጥግ ላይ ቁርቁራ የምትሸጥ አሮጊት ነበረች። «ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለች፣ አንዲት ቀይ ፍሬ መርጣ እየዘረጋች። «ከበሉ ይቺ አትጎዳቸውም። ይቅመሱልኝ።»

ሁሉም አፍ አፉን ያዩት ጀመር። ሃላዳር ቁርቁራዋን ተቀብሎ አፉ ውስጥ ከተታት፣ አኘከ፣ ዋጠ። ጎረምሶቹ ፊታቸው ጠቆረ። ፖልቱ ጃንጥላውን መለሰለት።

ሮጠ። ኩሬውን አልፎ የቁርቁራዋን ዘር ከአፉ ሲተፋ ነው የሠራው ሥራ የገባው። ልጁ ዘንድ ለመድረስ ሲል፣ ለልጁ ጸሎት የሚያደርስበትን ጾም ገድፏል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። ቤቱ አጠገብ ካለው ቧንቧ ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። ማንም ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው አላየውም። ዝም ብሎ ገብቶ ጸሎቱን ቢያደርስ ማን ያውቅበታል? ግን ልጅቷ ብትወድቅስ? ያኔ እሱ ያውቃል። ፈራ፤ ከጎረምሶቹ ይልቅ የገዛ ቤቱን በር ፈራ።

ደጃፍ ሲደርስ ማንዲራ ብድግ አለች። መጽሐፎቿ በሳራስዋቲ ምስል እግር ሥር ተደርድረዋል፣ የሒሳቡ ከላይ ነው። «ደረስክ ባባ። ግባ እንጂ።»

«በልቻለሁ» አላት ከደጃፍ ሳይገባ። «እንዲለቁኝ ብዬ ቁርቁራ በላሁ።»

ሹክላ ግንባሯን በእጇ መታች። ማንዲራ በግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኗን ጣለች፤ ስድስት ሊሞላ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቀረም።

«እኔ አልበላሁም» አለች፤ ሄዳም በካህኑ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

«አብደሻል?» አለች ሹክላ። «ሴት ልጅ እዚያ ላይ ተቀምጣ ማን አይቶ ያውቃል?»

«የእኛስ ካህን እዚህ ተቀምጦ ማን አይቶ ያውቃል?» አለች ማንዲራ። «ባባ፣ ስትደግም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እዚያው ደጅ ቁም። ከተሳሳትኩ አርመኝ።»

ጀመረች። ሃላዳር ጃንጥላውን ጨብጦ ከደጃፍ ቆሞ እያንዳንዷን ቃል ተከተለ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቋረጠ። ሰዓቱ ይቆጥራል። ሃላዳር አፉን ከፈተ፤ የቁርቁራዋ ኮምጣጣ ጣዕም አሁንም ምላሱ ላይ ነበረ። በዚህ አፍ? መልሶ ዘጋው። ማንዲራ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንድ መስመር ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና መጣችና ያቆማትን ቦታ ተሻገረችው። የመጨረሻውን አበባ መጽሐፎቿ ላይ ስትጥል ሰዓቱ ገና ስድስትን አልመታም።

በሳራስዋቲ ምስል ፊት በስጦታ ከቀረበው ቁርቁራ አንዲት አንስታ ወደ ደጅ ወጣች። «ስቆም ለምን አላረምከኝም?»

«አፌ ጾመኛ አይደለም» አላት። «አምናም ዘንድሮም በደልኩሽ።»

ማንዲራ መዳፉን ገልብጣ ቁርቁራዋን አስቀመጠችለት። «ተወው ባባ። የፈተናው ክፍል ውስጥም አጠገቤ ሆነህ አታርመኝም» አለችው። «በል አሁን ብላት፣ የተባረከች ናት።»