የጋሽ ሁሴን ታኮ

ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ልጄን ሳስነብብ፣ አሸዋ የጫነ መኪና በራችን ላይ ወደ ኋላ እየገባ ነበር። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ «ና! ና! ና! በቃ!» ሲል ሳላስበው ሳቅኩ። ጋሽ ሁሴን የመጡ መሰለኝ።

ጋሽ ሁሴን በልጅነቴ አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ አብረውን የተከራዩ ጎረቤታችን ነበሩ። ወሎዬ ናቸው፤ ከሻሸመኔ ሞጆ እህል የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሹፌር። ቤታቸውን የሚያውቁት ለእንቅልፍ ብቻ ነበር። አንድ ክረምት ግን መንገድ ላይ ቡልቡላ ከተማ ከጭነቱ አናት ወድቀው እግራቸው በጀሶ ታሰረና፣ ፓፓያው ሥር ፍራሽ ዘርግተው፣ በጎማ የታሰረች ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ዋሉ። ልብሳቸው ታጥቦም ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።

እኔ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ማንበብ ያቃተኝ ልጅ ነበርኩ። ፊደል በተናጠል ሲጠይቁኝ አልሳሳትም። መስመር ላይ ሲደረደሩ ግን ይተረማመሱብኛል፤ አንዱን መስመር ጀምሬ ሌላው ላይ እገኛለሁ። መምህራችን ክፍሉ ፊት አቁመው ሲያስነብቡኝ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አባቴም «የዚች ልጅ ጭንቅላት አይቀበልም» ሲል ሰማሁት፤ አመንኩትም። መስከረም እንዳይመጣ እጸልይ ነበር።

«እስቲ መጽሐፍሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ ጋሽ ሁሴን አንድ ቀን። «ሹፌሯ አንቺ፣ ረዳቱ እኔ።»

መጽሐፉን ይዤ መጣሁ፤ መግለጡን ግን ፈራሁ። «አብሽሪ! ዳገት በአራተኛ ማርሽ የሚወጣ እብድ ነው። አንደኛ አስገቢ!»

ከዚያ በኋላ ረጅም ቃል ሲገጥመኝ በአፌ እንደ ሞተር እያጉረመረምኩ ፊደል በፊደል እወጣው ጀመር። እሳቸው ጀሶውን በመዳፋቸው እየመቱ «ነይ… ነይ… ነይ…» ይሉና ቃሉ ሲሞላልኝ «በቃ!» ብለው ይጮኻሉ። ከሻይ ቅጠል ካርቶን ቁራጭ ቀደው ከማነብበው መስመር ሥር ያደርጉልኛል። «ይቺ ታኮ ናት» ይላሉ፤ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቶች ጎማ ሥር እንደሚወሽቁት ድንጋይ፣ ወደ ኋላ እንዳልንሸራተት። ሲደክመኝ መሪውን ተቀብለው ራሳቸው ያነቡልኛል።

አንድ ቀን አንድ ቃል አልወጣ ሲለኝ ተናድጄ መጽሐፉን ጭቃ ላይ ወረወርኩት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጎማ ፈነዳ! ጎማ በፈነዳ ቁጥር መኪና ይጣላል እንዴ፣ የኔ እናት? በይ ዳቦ እንብላና እንቀይራለን።» እያለቀስኩ ዳቦውን በላሁ፤ መጽሐፉን በነጠላ ጫማቸው አጠገብ ፀሐይ ላይ አሰጣነው።

መስከረም መጣ፤ መምህሩም ስሜን ጠሩ። ካርቶኗን አውጥቼ ከመስመሩ ሥር አደረግኩ። ረጅሙ ቃል ጋ ስደርስ ሞተሬን ድምፄን ሳላሰማ አስነሳሁ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ልጅ አልነበረም። ዘገየሁ እንጂ ጨረስኩ። «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» ሲሉኝ ካርቶኗን በመጽሐፉ ገጾች መሃል አስገብቼ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሁሴን ጀሶው ተፈትቶላቸው ሥራ ጀምረው ነበር። ማታ ከመኪና እንደ ወረዱ በራችን ላይ ቆመው «በሰላም ገባሽ?» አሉኝ።

«ገባሁ ጋሽዬ!» ብዬ ተጠመጠምኩባቸው። አባቴ ቆሞ ያየን ነበር፤ የዚያን ዕለት ማታ መጽሐፌን ይዤ አጠገቡ እንድቀመጥ ጠራኝ።

ጋሽ ሁሴን ካረፉ ቆይተዋል። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የልጄ መምህርት ጠርታኝ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር እንዳለበት፣ ስንፍናም የአእምሮ ድክመትም እንዳልሆነ፣ በክረምቱ ቤት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ባነብለትና ባስነብበው እንደሚረዳው ነገረችኝ። የምደነግጥ መስሏት ውሃ አቀረበችልኝ። እኔ ግን እፎይ አልኩ፤ ለልጄም፣ ለዚያች ጭንቅላቷ አይቀበልም ለተባለች ልጅም።

የአሸዋው መኪና አራግፎ ሄደ። ልጄ ከገጹ መሃል ቀና ብሎ «እማ፣ ታኮ አድርጊልኝ፤ ውሃ ልጠጣ» አለኝ።

ካርቶኗን ከመስመሩ ሥር አስገባሁለት። ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለ።